የማጠፊያ ፓተንት ጣጣ፦ ሁለት የቆዩ ነገሮችን አጣምሮ መከራከር ይቻላል?

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከጓደኛዬ ጋር እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ፣ ሁለት ስክሪን ያለው ታብሌት ሠርተን 40 ያህል ሸጠናል። ባለፈው ወር አንድ ኩባንያ «ፓተንቴን (የፈጠራ ባለቤትነት መብቴን) ጥሳችኋል» የሚል ደብዳቤ ላከብን። ማመልከቻው የገባው በ2013 ነው (በፈረንጅ)። ሥዕሎቹን ትቼ መብቱ የሚጠየቅባቸውን አንቀጾች አነበብኩ፤ ቁም ነገሩ እዚያ ነውና። አንቀጽ 1 ሁለት ነገር ይላል፦ በማጠፊያ የተያያዙ ሁለት ስክሪኖች፣ እና የእጥፋቱን አንግል ለክቶ ምስሉን የሚቀይር ሴንሰር። የመጀመሪያው በ2011 በወጣው ኪዮሴራ ኢኮ ስልክ ላይ አለ። ሴንሰሩን ግን ያገኘሁት ባለ አንድ ስክሪን ላፕቶፕ በሚመለከት የ2008 ፓተንት ላይ ነው። ጠበቃ የጠራልኝን ዋጋማ ታብሌቶቹ ሁሉ ቢሸጡም አይሸፍኑትም። ለመልስ 3 ሳምንት ቀርቶኛል። ሁለቱንም በአንድ ላይ የያዘ የቆየ መሣሪያ ካላገኘሁ፣ ኢኮንና የ2008ቱን ፓተንት አጣምሬ «ይህ ለባለሙያ ግልጽ ነበር፣ አዲስ ፈጠራ አይደለም» ብዬ በአሜሪካ ሕግ መከራከር እችላለሁ?