ዋይፋይ ሲበራ ብቻ ሰማያዊ ስክሪን የሚያወጣ ላፕቶፕ፤ ፎርማትም አላዳነውም

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 ነው፣ ራሙ 8 ጊጋ። ዋይፋይ ላይ ሆኖ ከበድ ያለ ሥራ ሲበዛበት (የቪዲዮ ስብሰባ፣ ትልቅ ፋይል ማውረድ) ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሰማያዊ ስክሪን ያወጣና ራሱ ሪስታርት ያደርጋል። «ድራይቨር አይአርኪውኤል ኖት ሌስ ኦር ኢኳል» ይላል፤ ከሥሩ የፋይል ስም አለ፣ አንብቤ ሳልጨርስ ይጠፋል። ሁለት ጊዜ ደግሞ ክዳኑን ዘግቼ ስመለስ «ድራይቨር ፓወር ስቴት ፌይለር» የሚል ጠበቀኝ። በኬብል ሲሆን ቀኑን ሙሉ ምንም አይለውም። ራሙን ፈትሻለሁ፣ ደህና ነው። ጥገና ቤት ፎርማት አደረጉት፣ በዚያው ዕለት ማታ ያው ሆነ። አሁን ማዘርቦርድ ነው ይሉኛል። ማዘርቦርድ ከመቀየሬ በፊት ምን ልፈትሽ?

መልስ 1 (ሶፍትዌር_ጥገና)

ወንድሜ፣ ማዘርቦርዱን ለጊዜው ተወው። በኬብል ደህና ሆኖ በዋይፋይ ብቻ የሚወድቅ ማሽን መጀመሪያ የሚጠረጠረው በዋይፋይ ድራይቨሩ (ዊንዶውስ ካርዱን በሚያዝበት ፕሮግራም) ነው። ፎርማቱ ያልሠራበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ አዲሱ ዊንዶውስ ኢንተርኔት እንዳገኘ በዊንዶውስ አፕዴት በኩል ያንኑ ድራይቨር አውርዶ ይጭነዋል። ፎርማት ፋይልህን ያጠፋል እንጂ ይህን አይነካውም።

ያነበብከው መልእክት ኮዱ ዲ1 ነው። ድራይቨሩ ፋታ በማይሰጥ ከፍተኛ የሥራ ደረጃ ላይ እያለ በዚያ ደረጃ ሊነካ የማይገባውን የሜሞሪ አድራሻ ሲነካ፣ ዊንዶውስ መረጃ እንዳይበላሽ ብሎ ማሽኑን ያቆመዋል። የዋይፋይ ድራይቨር ፓኬት በገባና በወጣ ቁጥር እዚያ ደረጃ ላይ ስለሚሠራ፣ ጫናው ሲበዛ የመሳሳት ዕድሉም ይበዛል። ስብሰባ ላይ የሚወድቅብህ ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ፋይሉን በስሙ ያዘው። «አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ» ውስጥ «ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ» የሚለውን ክፈትና «ኦቶማቲካሊ ሪስታርት» ላይ ያለውን ምልክት አንሳ፤ ከዚያ በኋላ ስክሪኑ እስክታነበው ይቆምልሃል። እዚያው ከታች «ስሞል ሜሞሪ ደምፕ» ምረጥ። ማሽኑ በወደቀ ቁጥር ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ ፎልደር፣ «ሚኒደምፕ» ውስጥ አንድ ትንሽ ፋይል ያስቀምጣል። ፋይሉን ዴስክቶፕ ላይ ኮፒ አድርገህ ከማይክሮሶፍት ስቶር በነጻ በሚወርደው «ዊንዲቢጂ» ክፈተውና ትንተናውን አስሂድ። የሚወጣው ስም በ«ኔትውትው» ከጀመረ የኢንቴል ዋይፋይ ነው፤ በ«አርቲደብሊውላን» ከሆነ ሪልቴክ፣ በ«ኤምቲኬ» ከሆነ ሚዲያቴክ፣ በ«ኪውሲኤ» ወይም በ«ኤቲኤች» ከሆነ ኳልኮም። «ኤንዲስ» ወይም «ቲሲፒአይፒ» ካለህ ግን አትቸኩል። እነዚህ የዊንዶውስ የራሱ ፋይሎች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ሌላው ያበላሸውን ተሸክመው ነው የሚወድቁት። ያን ጊዜ ቪፒኤንና ከውጭ የተጫነ አንቲቫይረስ ካለ አንድ በአንድ አንስተህ ሞክር፤ ሁለቱም በኔትወርኩ መሐል የራሳቸውን ማጣሪያ ድራይቨር ያስገባሉ።

የዋይፋዩ ስም ከወጣ እንዲህ አድርግ። ከምንም በፊት የላፕቶፑ አምራች ገጽ ላይ በሞዴል ቁጥርህ ገብተህ የዋይፋይ ድራይቨሩን አውርደህ ፍላሽ ላይ አስቀምጥ፤ ዋይፋዩ ከወጣ በኋላ ኢንተርኔት አታገኝምና። አሁን ያለውን የቨርዥን ቁጥር ጻፈው። ከዚያ ኬብሉን ንቀል። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ «ኔትወርክ አዳፕተርስ» ሥር ካርዱን በቀኝ ክሊክ «አንኢንስቶል» በለው፣ ሲጠይቅህ ድራይቨሩንም እንዲያስወግድ የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርግባት። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ሳጥኗ ካልተነካች ዊንዶውስ ያንኑ ድራይቨር ከማከማቻው አውጥቶ በሰከንዶች ውስጥ መልሶ ይጭነዋል። ምልክት አድርገህም «ስካን ፎር ሃርድዌር ቼንጅስ» ስትል ሌላ ቨርዥን ብቅ ሊል ይችላል፤ ማከማቻው ውስጥ የተደራረቡ አሉና። የማትፈልገው ቨርዥን መምጣቱን እስኪያቆም ደጋግመህ አስወግድ። ከዚያ የፍላሹን ጫን፣ ሪስታርት አድርግ፣ «ድራይቨር» የሚለው ታብ ላይ ቁጥሩ መለወጡን በዓይንህ እይ። የአምራቹ የመጨረሻ ቨርዥን አንተ ጋ የሚወድቀው ራሱ ከሆነ ከሱ ቀደም ያለውን ጫን። አዲስ ሁሉ የተሻለ አይደለም።

የቀረው እንዳይመለስ መከልከል ነው። «አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ» ውስጥ «ሃርድዌር» ታብ ላይ «ዲቫይስ ኢንስታሌሽን ሴቲንግስ» አለ፣ «ኖ» በለው። ዊንዶውስ ፕሮ ከሆነ ግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ ከአፕዴት ጋር ድራይቨር እንዳይመጣ የሚከለክለውን አብራ፣ ያ ይበልጥ አስተማማኝ ነው። «ኦፕሽናል አፕዴትስ» ሥር የዋይፋይ ድራይቨር ካየህ አትንካው።

መልስ 2 (ሀያ_አራት_ሰዓት)

ኦንላይን የሚገኙ ድራይቨር አዳሽ ፕሮግራሞች አሉ፣ በአንድ ክሊክ ሁሉንም ያስተካክላሉ። ለምን ትደክማለህ?

መልስ 3 (ሶፍትዌር_ጥገና)

በዚህ ጉዳይ አይመከርም። እነዚያ ፕሮግራሞች በካርዱ መለያ ቁጥር ብቻ ያገኙትን የመጨረሻ ቨርዥን ነው የሚጭኑት። ችግሩ ያለው የመጨረሻው ቨርዥን ላይ ከሆነ ደግሞ ያንኑ ይመልሱበታል። ከዋይፋዩ ጋር የቺፕሴቱን (የማዘርቦርዱን ማስተባበሪያ ቺፕ) እና የድምፁን ድራይቨር ስለሚነኩም፣ ቀጥሎ ሲወድቅ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ መፈተሽ ነው የሚያዋጣው።

መልስ 4 (ሽቦና_ቦርድ)

ስለ ክዳኑ ልጨምር፣ ያ ሌላ ኮድ ነው፤ 9ኤፍ ይባላል። ላፕቶፑ ሊተኛ ሲል ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ዕቃ «ኃይል ቀንስ» የሚል ትእዛዝ ይልካል፣ ድራይቨሩም ፈጽሞ ምላሽ መስጠት አለበት። ምላሹ ሳይመጣ የተወሰነው ጊዜ ካለፈ ማሽኑ በ9ኤፍ ይወድቃል። ክዳኑን ዘግተህ ቦርሳ ውስጥ ያስገባኸው ላፕቶፕ ግሎ የምታገኘውም አንዳንዴ በዚህ ነው፤ መተኛት ጀምሮ አልጨረሰም።

ዲቫይስ ማናጀር ላይ የዋይፋዩን «ፓወር ማኔጅመንት» ታብ ክፈትና ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ዕቃውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሳ። ታቡ ከሌለ አትደንግጥ፤ አዳዲሶቹ ላፕቶፖች የሚጠቀሙበት «ሞደርን ስታንድባይ» ይደብቀዋል። ቀጥሎ ኮንትሮል ፓነል፣ «ፓወር ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብተህ «ፋስት ስታርትአፕ»ን አጥፋ። እሱ በርቶ ሳለ «ሹት ዳውን» ማለት ሙሉ መዝጋት አይደለም፤ የዊንዶውስ ከርነል (እምብርቱ) ከነድራይቨሮቹ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ጠዋት እንዳለ ይነሣል። ስለዚህ ድራይቨር በቀየርክ ቁጥር «ሪስታርት» በል፣ ዘግቶ መክፈት አይተካውም።

ኢቨንት ቪውወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» አይተህ ፓወር ሰፕላይ ነው የሚልህ ሰው አይጠፋም። 41 የሚናገረው ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ መነሣቱን ብቻ ነው፤ በምን እንደወደቀ የሚነግርህ 1001 ነው። የኢንቴል ካርድ ከሆነ ከመውደቁ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ 5002 ካየህ ድራይቨሩ ራሱ «ካርዱ በትክክል እየሠራ አይደለም» ማለቱ ነው። ያኔ ካርዱንም መጠርጠር ይገባል።

ማዘርቦርዱን ነጻ ለማውጣት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ፈተና አለ። የውስጡን ዋይፋይ በቀኝ ክሊክ «ዲሴብል» አድርግ። ስልክህን በዩኤስቢ ገመድ ሰክተህ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ ማጋራት) አብራ፣ ወይም ትንሽ የዩኤስቢ ዋይፋይ ሰካ። ያንኑ ስብሰባ፣ ያንኑ ማውረድ ለ2 ሰዓት አስኪደው። ካልወደቀ ቦርዱም ራሙም አልበደሉም። በስልክ ዳታ ከሆነ ግን ግንኙነቱን «ሚተርድ» (ዳታ ቆጣቢ) አድርገው፤ አለበለዚያ አፕዴቱ ፓኬጅህን ይጨርሰዋል።

ጠያቂው

እግዜር ይስጥልኝ። ስሙ በ«ኔትውትው» ይጀምራል። በስልክ ቴዘሪንግ 3 ሰዓት አሠራሁት፣ አልወደቀም። ድራይቨሩን አውጥቼ የአምራቹን ስጭን ግን ካርዱ ላይ ቢጫ ምልክት መጣ፣ «ኮድ 10» ይላል። ኢቨንት ቪውወር ላይ 5002 አራት ጊዜ አለ።

መልስ 5 (ሽቦና_ቦርድ)

ኮድ 10 ዕቃው መነሣት አልቻለም ማለት ነው። ካርዱ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ኃይሉን ሙሉ በሙሉ አውጣለት፤ ዝጋው፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ የማብሪያውን ቁልፍ 30 ሰከንድ ያህል ተጭነህ ያዝ፣ ከዚያ አብራው። ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ይመለሳል።

ካልተመለሰ የታችኛው ክዳን ይከፈታል። ከሁሉ በፊት የባትሪውን ሶኬት ከቦርዱ ንቀል። ካርዱ 22 በ30 ሚሊ ሜትር የሆነ ትንሽ ሰሌዳ ነው፣ በአንድ ብሎን ይያዛል። ሁለት ቀጫጭን የአንቴና ሽቦዎች ይገቡበታል፤ የትኛው የት እንደነበር በስልክ ፎቶ አንሳ። የሽቦዎቹ ጫፍ ከምስር ፍሬ የሚያንስ ክብ ነው። ሲነቀል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ሲሰካ ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ በጥፍር ጫን ስትለው ቀጭ ይላል። አጣመህ ከገፋኸው ዙሪያው ይታጠፍና ካርዱም ሽቦውም ይበላሻል። ካርዱን አውጥተህ ወርቃማ ጥርሶቹን በአልኮል በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጥረግ፣ ሲደርቅ መልሰህ ግጠም።

ያም ካልሠራ ካርዱ ሞቷል፣ ይቀየራል። ስትገዛ ግን ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ኢንቴል ኤኤክስ201፣ ኤኤክስ211ና 9560 ግማሽ ሥራቸው የሚሠራው ኢንቴል ቺፕሴት ውስጥ ስለሆነ ለትውልዳቸው ካልሆነ አይሠሩም፤ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ያለው ላፕቶፕ ላይ ጭራሽ አይነሡም። ኤኤክስ200ና ኤኤክስ210 ራሳቸውን የቻሉ ናቸው። ሆኖም ሶኬቱ ለነኤኤክስ201 ብቻ የተሰመረ ላፕቶፕ አንዳንዴ ያጋጥማል፣ ስለዚህ መመለስ ከሚፈቅድ ሻጭ ግዛ። በቆዩ ሞዴሎች ደግሞ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ የራሱ ፕሮግራም) የማያውቀውን ካርድ አልቀበልም ሊል ይችላል። ስስ ላፕቶፖች ላይ ካርዱ ቦርዱ ላይ የተበየደ ሊሆን ስለሚችል ያኔ የውስጡን ባዮስ ውስጥ አጥፍተህ በዩኤስቢ ዋይፋይ ቀጥል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ባዮስ ውስጥ ከመግባትህ በፊት ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) በርቶ ከሆነ 48 አሃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፈው። ዊንዶውስ ሳይነሣ ቢወድቅ ደግሞ ሎጎው ሲታይ በማብሪያው ቁልፍ ሦስት ጊዜ አቋርጠው፤ በሚመጣው የጥገና ገጽ ከ«ስታርትአፕ ሴቲንግስ» 4 ቁጥርን ምረጥ። ያ የዋይፋይ ድራይቨሩን የማይጭነው ሴፍ ሞድ ነው፤ 5 ቁጥር ኔትወርኩንም ስለሚያነሣ መልሶ ይጥልሃል።