ለዓርብ የጎንደር የምግብና የጠጅ ጉብኝት የመጨረሻውን ማረፊያ ጠቁሙኝ

ጠጅ ቤት የምታውቁ የጎንደር ልጆችና አስጎብኚዎች፣ እባካችሁ ተባበሩኝ። ስምንት እንግዶችን ከፋሲል ግቢ አስነስቼ በፒያሳ አድርጌ እስከ አራዳ ገበያ በእግር ላስጎበኝ ነው። ቀኑ ዓርብ ስለሆነ ዶሮ ወጥና ጥብስ ቀርተዋል፤ በየዓይነቱ በጠላ፣ ከዚያ ቡና። እስከዚህ ችግር የለም።

የቸገረኝ ጠጁ ነው። ጣፋጭነቱ ጥንካሬውን ይደብቀዋል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በፀሐይ ሲሄድ የቆየ እንግዳ በባዶ ሆዱ አንድ ብርሌ ከጨረሰ ቀሪውን መንገድ አይችለውም። ስለዚህ ከምግብ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ፣ ግማሽ ብርሌ ብቻ ላቀምስ አስቤአለሁ። ሦስቱ ግን አልኮል አይጠጡም። ለእነሱ ብርዝ ያስፈልጋል፣ ያውም በዕለቱ የተበረዘ፤ ከቆየ መፍላት ይጀምራል።

አራዳ አካባቢ ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ክፍት የሆነ፣ ጠጁን ያለ ስኳር በማር ብቻ የሚጥል፣ ጌሾ ያልገባበት ብርዝም የሚያዘጋጅ ቤት የቱ ነው? የስምንት ሰው መቀመጫና ንጹሕ መጸዳጃ ቤት የግድ ነው። ጠላና ጠጅ በአንድ ቀን ይከብዳል የምትሉም ንገሩኝ፤ እኔ ጠላውን ወደ መተው አዘንብያለሁ።