የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒት ጨርሼ ሕመሙ ተመለሰ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጨጓራዬን እየሞረሞረ ይቀሰቅሰኛል። ቁራሽ ዳቦ ስቀምስ ጋብ ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል። በሰገራ ምርመራ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኝቶብኝ ሁለት አንቲባዮቲክ (አሞክሳሲሊንና ክላሪትሮማይሲን) እና የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ለ14 ቀን ታዘዘልኝ። አፌን ብረት ብረት እያለኝም ቢሆን ጨረስኩት። የሁለት ቀን ኪኒን ግን አምልጦኛል፣ አልደብቅም።

እናቴ አብሽ ዘፍዝፋ በየጠዋቱ ታጠጣኛለች። ሆዴን ያለሰልሰዋል፣ እውነቴን ነው። ባክቴሪያውን ይገድላል ብዬ ግን አላምንም። ባክቴሪያው ጨጓራን በሸፈነው ንፍጥ ውስጥ ተሸሽጎ፣ አሞኒያ እየሠራ የአሲዱን ኃይል ይሰብራል። ዓሣ ሾርባ ትቼ፣ ሚጥሚጣ ትቼ ያልለቀቀኝ ለዚህ ይመስለኛል።

የጨነቀኝ ይኸው ነው። አንቲባዮቲኩ ካለቀ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ከቆመ ደግሞ 2 ሳምንት ሳይሞላ ድጋሚ ምርመራው ሊያሳስት ይችላል ተብያለሁ። እኔ ያለ ኦሜፕራዞል ሁለት ሌሊት አልችልም። ያለፋችሁበት እንዴት ቻላችሁት? ባክቴሪያው ካልጠፋስ ሌላ ዓይነት አንቲባዮቲክ ተሰጣችሁ? አብሹና ኪኒኑ በስንት ሰዓት ይራራቁ? ከአንድ ትሪ የምንበላ እህቶቼስ ይመርመሩ? ሰገራዬ አልጠቆረም፣ ደምም አላስመለሰኝም። እንዲያ ከሆነማ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው የምሄደው። የምታውቁ፣ በተለይ የጤና ባለሙያዎች፣ እባካችሁ መልሱልኝ።