ማዕዘኑ ዞር ያለ ባለቦርደር ሳጥን፦ መስመሩ ለምን እኩል አይወጣልኝም?

ጥያቄ፦ ሐዋሳዊት

ሰላም ለሁላችሁ። አሞራ ገደል አካባቢ ላለ የዓሣ ቤት ሜኑ በምስል ማዘጋጃው ፕሮግራም በጊምፕ 2.10 እየሠራሁ ነው፤ ኤ5፣ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ፒክስል)። ለብለቡ፣ ጉላሹ፣ ሾርባው እያንዳንዱ ከነዋጋው በየራሱ ሳጥን እንዲገባ ነው የተፈለገው፤ ባለ8 ፒክስል ቡናማ ቦርደር፣ ማዕዘኑ ዞር ያለ።

በ700 በ320 ፒክስል አዲስ ፋይል ከፍቼ ሴሌክት ኦል፣ ራውንድድ ሬክታንግል፣ ከዚያ ስትሮክ ሴሌክሽን በ8 ፒክስል አደረግሁ። አራቱም ጎን ቀጭን፣ ማዕዘኖቹ ወፍራም ሆኑ። በጄፔግ አውጥቼ ክሬም ቀለም ባለው ሜኑ ላይ ሳስቀምጠው ደግሞ ማዕዘኖቹ ላይ ነጭ ቁራጭ ይታያል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ፒክስል ቆጣሪ

የሁለቱ ችግር ምክንያት የተለያየ ነው። ስትሮክ ሴሌክሽን መስመሩን የሚያሰምረው የምርጫውን ጠርዝ መሃል ይዞ ነው፤ 4 ፒክስል ወደ ውስጥ፣ 4 ወደ ውጭ። ያንቺ ምርጫ ከምስሉ ዳር ጋር ስለገጠመ የውጪው 4 ፒክስል ማረፊያ አጥቶ ተቆርጧል። ማዕዘኑ ላይ ግን ቅስቱ ከምስሉ ዳር ስለሚሸሽ 8ቱም ፒክስል ይታያል። ማዕዘኑ አልወፈረም፣ ጎኑ ነው የቀጠነው።

ነጩ ቁራጭ ከጄፔግ የመጣ ነው፤ ጄፔግ ግልጽ የሆነ ቦታ መያዝ አይችልም። በፒኤንጂ አውጪው። ከዚያ በፊት ሌየሩ (የምስሉ ንብርብር) አልፋ ቻናል፣ ማለትም ግልጽነትን የሚይዘው ክፍል፣ እንዳለው አረጋግጪ፤ ከሌለው የማዕዘኑን ነጭ ስታጠፊው የበስተጀርባ ቀለም ይሞላበታል፣ ፒኤንጂም ቢሆን አያድንሽም።

በያዝሽው መንገድ መቀጠል ከፈለግሽ ከሴሌክት ኦል በኋላ ሽሪንክ 4 ፒክስል፣ ከዚያ ማዞሩ፣ ከዚያ ስትሮኩ። ሽሪንክ ላይ ምርጫው ከምስሉ ውጭ እንደሚቀጥል የሚቆጥረው ምልክት ከተደረገበት አንሺው፤ አለዚያ ከምስሉ ዳር በኩል አይጠብብም።

መልስ፦ ታቦር ግርጌ

ስትሮኩን ብትተዪው ይሻላል ባይ ነኝ። ራውንድድ ሬክታንግል ሬዲየሱን (የማዕዘኑን ዙር መጠን) የሚለካው በፐርሰንት ስለሆነ ትልቁና ትንሹ ሳጥን የተለያየ ማዕዘን ይዘው ይመጣሉ፤ ሜኑ ላይ ይህ ወዲያው ያስታውቃል። ሁለት ጊዜ ቀለም መሙላት የበለጠ ያስተማምናል፤ ሌላ ፋይልም አያስፈልግሽም፣ እዚያው ሜኑው ላይ ሥሪው።

ግልጽ የሆነ አዲስ ሌየር ክፈቺ። ሬክታንግል ሴሌክትን ይዘሽ ከመሣሪያው አማራጮች ራውንድድ ኮርነርስ ላይ ምልክት አድርጊና ሬዲየሱን 40 በዪው። አንቲኤሊያሲንግም ይብራ፤ ከጠፋ ቅስቱ ደረጃ ደረጃ ይሆናል። ፖዚሽን 100 እና 400፣ ሳይዝ 700 በ320 ብለሽ በቁጥር ጻፊና ቡናማውን ሙዪ። ቀጥሎ ሌላ ምርጫ፦ ፖዚሽን 108 እና 408፣ ሳይዝ 684 በ304፣ ሬዲየስ 32። የውስጡን ቀለም ሙዪ፤ የሜኑው ጀርባ እንዲታይ ከተፈለገ ደግሞ ዲሊት።

ብዙ ሰው የሚስተው 32ቱን ነው። የውስጡ ሬዲየስ ከውጪው ላይ የቦርደሩ ውፍረት ተቀንሶ ነው የሚገኘው። ሁለቱንም 40 ካልሽ ጎኑ 8 ሆኖ ማዕዘኑ በሰያፍ ሲለካ 11 ፒክስል አካባቢ ይሆናል፤ ያኔ እውነትም ማዕዘኑ ወፈረ።

የቀሩትን ሌየሩን በዱፕሊኬት አባዢ።

ሐዋሳዊት

ሠርቷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አሁን የቀረኝ ረጅም ስም ያላቸው ምግቦች ናቸው። ሳጥኑን በስኬል ወደ ጎን ስስበው ማዕዘኑ ሞላላ ይሆናል።

መልስ፦ ቬክተር

ጊምፕ ላይ የሳልሽው ፒክስል ነውና ስትስቢው ቅስቱም ቦርደሩም አብሮ ይለጠጣል። እዚያ ቀላሉ በአዲስ ቁጥር እንደገና መሥራት ነው፤ ወርዱ 900 ከሆነ የውስጡ 884፣ ሬዲየሶቹ እንዳሉ።

ሳጥኑ ብዙ ከሆነ ግን ኢንክስኬፕ የሚባለው የመሳያ ፕሮግራም ይገላግልሻል፣ እሱም ነፃ ነው። የሬክታንግል መሣሪያውን ይዘሽ ከላይ ባለው አሞሌ አርኤክስ ላይ ሬዲየሱን ጻፊ። ስታስረዝሚው በቀስት መምረጫው ሳይሆን በራሱ በሬክታንግል መሣሪያው እጀታ ሳቢው፣ ወይም ወርዱን በቁጥር ቀይሪ፤ ማዕዘኑ አይነቃነቅም። በቀስቱ መሳብ የግድ ከሆነ ከላይ በኩል ማዕዘኑንና የመስመሩን ውፍረት አብረው የሚያሳድጉትን ሁለት ቁልፎች አጥፊ። መስመሩ እዚህም ግማሹ ወደ ውጭ ነው፤ የ60 ሚሊሜትር ሳጥን ባለ1 ሚሊሜትር ቦርደር ሲሆን ዳር እስከ ዳር 61 ይሆናል።

ፎቶሾፕ ላይ ከሆነ በሼፕ ሥሪው፤ የስትሮኩን አሰላለፍ ኢንሳይድ ካደረግሽው የሳጥኑ ልክ አይለወጥም።

መልስ፦ ወረቀትና ቀለም

የማተሚያ ቤቱን ጣጣ ልጨምር። በገጹ ዙሪያም ቦርደር ካለ ከመቁረጫው መስመር ቢያንስ 5 ሚሊሜትር፣ በ300 ዲፒአይ 59 ፒክስል፣ ወደ ውስጥ ይግባ። ቢላዋው 1 ሚሊሜትር ቢስት፣ ዳር ላይ የተጠጋ ቦርደር በአንድ ጎን ሰፍቶ በሌላው ጠቦ ያሳጣል፤ 5 ላይ ግን እምብዛም አይታወቅም። የጀርባው ክሬም ቀለም በበኩሉ ከመቁረጫው 3 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ይለፍ፣ አለዚያ ነጭ ክር ይቀራል።

ሜኑው ላሚኔት ተደርጎ የወረቀቱ ማዕዘንም የሚዞር ከሆነ የታቦር ግርጌ ስሌት እዚህም ይሠራል። ማዕዘን መቁረጫው 10 ሚሊሜትር ሬዲየስ ካለውና ቦርደሩ 5 ሚሊሜትር ከገባ፣ የቦርደሩ ሬዲየስ 5 ሚሊሜትር ነው፤ ያው 59 ፒክስል። ፋይሉን ከመጨረስሽ በፊት መቁረጫው ስንት እንደሆነ ማተሚያ ቤቱን ጠይቂ።