ባህር ላይ የሚያልቅ ፊልም ማንን ያስቀራል?

የግሩፑ ኃላፊ፦ ቅዳሜ ማታ እዚሁ ደሴ ሦስት አጫጭር ፊልሞች አይተናል። ሦስቱም ስለ ስደት ናቸው። ሦስቱም ልጁ ባህር ሲበላው ያልቃሉ። ክርክሩ፦ እንዲህ ያለ ፊልም በየትምህርት ቤቱ ይታይ ወይስ ይቅር? ስድብ የለም።

ከሰኞ ገበያ፦ ይታይ እንጂ! ደላላው በየሰፈሩ እየዞረ ሲያማልል ፊልሙ ለምን ዝም ይበል? አዳራሹ ጸጥ ብሎ አላያችሁም? አጠገቤ የነበሩ እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነው የጨረሱት።

የኮምቦልቻው ሹፌር፦ እኒያ እናት ልጃቸው ወጥቶ ድምፁ የጠፋ ቢሆኑስ? ማን አስጠነቀቃቸው? እኔ ከኮምቦልቻ መገንጠያ በባቲ አድርጌ ሚሌና ሎጊያ ስመላለስ ስንቱን በእግሩ ሲሄድ አያለሁ። ሻይ ቤት አብረን እንቀመጣለን። ባህሩ እንደሚበላ የማያውቅ አንድ ልጅ አላጋጠመኝም። ጀልባው የሚነሳበትን የጅቡቲውን ኦቦክ ከኔ በላይ ያውቁታል። አውቀው ነው የሚሄዱት።

ከሰኞ ገበያ፦ አውቀው ከሆነማ ምን ያስኬዳቸዋል?

የኮምቦልቻው ሹፌር፦ የጎረቤቱ ቤት ቆርቆሮ ተቀይሯላ! እሱን ፊልሙ ላይ አላየሁትም። በ2006 መንግሥት የአረብ አገር የሥራ ጉዞን ሲያግድ ሰው ቆመ? በሩ ሲዘጋ በጓሮ ወጣ። ሕግ ያላቆመውን አስር ደቂቃ ፊልም ሊያቆመው ነው?

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆች፣ እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። የደሴ እናት ተብላ የቀረበችው ሴትዮ የአዲስ አበባ አማርኛ ነው የምታወራው። ልጇን ስትሸኝ አንዲት «አብሽር» አትወጣትም! ዘፈኑማ ይቅር። የባቲና የአምባሰል ቅኝት አገር ተቀምጠው ፒያኖ ከፈቱብን። በሰው ቋንቋ የተሠራን ፊልም ልጁ የኔ ነው ብሎ አይቀበለውም።

ተመላሿ፦ እኔም ልናገር። ሪያድ ስድስት ዓመት ሠርቼ በ2006 ከተመለሱት አንዷ ነኝ። ያኔ በጥቂት ወር ከ160 ሺህ በላይ ሰው ነው የተመለሰው። እኔ ጀልባ አይቼ አላውቅም። በቪዛ፣ በአውሮፕላን ነው የሄድኩት። ታዲያ እነዚህ ፊልሞች ውስጥ የት አለሁ?

የተመለስኩ ቀን እናቴ ቡና አፈላች። ለሁሉም በተለመደው ሲኒ ቀዳች። ለኔ ግን ከቁም ሳጥን፣ ጠርዙ ወርቅማ የሆነውን፣ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣውን። ሲኒውን የላክሁት እኔው ነኝ! ወላሂ የዚያን ቀን ያህል ሪያድም አላለቀስኩም። እዚያ «ሐበሺያ» ነበርኩ። እዚህ ሰፈሩ እስከ ዛሬ «አረቧ» ይለኛል።

ፊልም የሚማረው፦ እታለም፣ ይሄ'ኮ ራሱ ፊልም ነው። ሲኒው ብቻ አምስት ደቂቃ ይወጣዋል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ገንዘብ የሚሰጠው ክፍል «መልእክቱ ግልጽ ይሁን» ይላል። ግልጽ ማለት ሬሳ ማለት ነው። እኔም አንዴ እንደዚያ ሠርቻለሁ፣ አልክድም።

ጡረተኛው መምህር፦ ተመልሶ በገዛ ቤት እንግዳ መሆንን ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ላይ አሳይቶናል። በፈረንጆቹ 2008 ቬኒስ ላይ የተሸለመው።

ፊልም የሚማረው፦ ልክ ነዎት ጋሼ። ግን ያ ጀርመን ተምሮ የተመለሰ ምሁር ነው። ከሁለት ሰዓት በላይም ይፈጃል። ከሰው ቤት ሥራ የተመለሰችውን ልጅ ማን ቀረጻት?

ከሰኞ ገበያ፦ እሺ፣ የሲኒውም ይሠራ። አልጠላሁም። የኔ ልጅ ግን 10ኛ ክፍል ነው፤ ስልኩ ላይ ከማን ጋር እንደሚያወራ አላውቅም። ለሱ ባህሩን ነው የማሳየው። ፈርቶም ቢሆን ይቅርልኝ።

የኮምቦልቻው ሹፌር፦ በዚህ አልፈርድብሽም።

የግሩፑ ኃላፊ፦ እኔ ከሹፌሩና ከተመላሿ ጋር ነኝ። ኃላፊ አይወግንም ካላችሁ ሌላ ምረጡ። እህቴ፣ ሲኒውን ለቀረጻ ታውሺናለሽ?

ተመላሿ፦ ስድስት ነበሩ፣ አራት ቀርተዋል። እናቴን እጠይቃታለሁ። «የእንግዳ ነው፣ አትንኪ» እንዳትለኝ እንጂ።