ከአባቴ ጋር አሮጌዋን ፒክአፕ እየጠገንን ነው፤ ሞተሩን ከማውረዳችን በፊት ምን እንፈትሽ?

የቀበና ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የናፍጣ ሞተር የምታውቁ ብትመክሩኝ።

የአባቴ መኪና በፈረንጆቹ 1987 የተሠራች ነጠላ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ሞተሯ ባለ 2.4 ናፍጣ፣ ቱ ኤል የሚባለው ነው። አባቴ በ1985 ዓ.ም. ገዛት። ቤታችን የተሠራበትን አሸዋና ሲሚንቶ የተሸከመችው እሷ ናት። ላለፉት ሁለት ዓመታት ግን ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር።

አባቴ 71 ዓመቱ ነው። ጆሮው እንደ ድሮው ነው፤ እጁ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ትንንሽ ብሎን መያዝ አይችልም። ስለዚህ ከመስከረም ጀምሮ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እሱ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ እፈታለሁ። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ከዚህ በፊት ጎማ እንኳን ቀይሬ አላውቅም። የፈታሁትን ብሎን ሁሉ በየኒዶ ቆርቆሮው እየከፈለ ያስቀምጣል።

እስካሁን ፍሬኑን ሠርተናል፣ ባትሪና ጎማ ቀይረናል። የቀሩት ሁለት ችግሮች ናቸው።

አንደኛ፣ ጠዋት ጠዋት አትነሳም። ብዙ ካስጮህናት በኋላ ነጭ ጭስ እያወጣች ትነሳለች። ጭሱ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል።

ሁለተኛ፣ ከአራት ኪሎ በስድስት ኪሎ አድርገን ወደ ሽሮ ሜዳ ስንወጣ የሙቀት መርፌው ወደ ቀዩ ይጠጋል። ሜዳ ላይ ደህና ናት።

አንድ ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ አምስት ደቂቃ ሰምቶ «ቴስታታው ተሰንጥቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» አለን። ቴስታታ የሚሉት የሞተሩን ራስ፣ የላይኛውን ክፍል ነው። አባቴ አላመነም። እኔ ግን ፈራሁ። ሳናወርድ በራሳችን ልንፈትሽ የምንችለው ነገር አለ?

አንድ ነገር ልጨምር። ቴርሞስታቱን፣ ለሞተሩ ውኃ እንደ ሙቀቱ መንገድ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዕቃ፣ አባቴ ከብዙ ዓመት በፊት አውጥቶ ጥሎታል። «ለአዲስ አበባ አያስፈልግም» ይላል።

ጋሽ ናፍጣ

ልጄ፣ መጀመሪያ እጃችሁ ይባረክ። አባትሽ አለማመናቸው ልክ ነው። ቴስታታ መሰንጠቁ በጆሮ ብቻ አይታወቅም። የዚህ ሞተር ቴስታታ በሙቀት የመሰንጠቅ አመል አለበት፤ መካኒኩ ያን አስቦ ይሆናል። ግን ይፈተሻል እንጂ አይገመትም።

ሁለቱን ችግሮች ለያይተሽ ያዢያቸው። የጠዋቱ ሌላ፣ የዳገቱ ሌላ ሊሆን ይችላል።

በጠዋቱ እንጀምር። ጭሱ ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ፣ ብዙ ጊዜ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። ዓይን ያቃጥላል፣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ውኃ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ አይተውም፣ ራዲያተሩም ይጎድላል። ውኃ ትጨምራላችሁ ወይ?

አሁን ምንም ሳትፈቺ ይህን ሞክሪ። የናፍጣ ፊልትሮው አናት ላይ በእጅ የሚጫን ፖምፓ አለ። ነገ ጠዋት፣ ቁልፍ ከመንካትሽ በፊት፣ እስኪጠነክርብሽ ድረስ እሱን ጫኚ። ከዚያ አስነሺ። ወዲያው ከተነሳች ሌሊቱን ናፍጣው ወደ ታንከር ተመልሷል፣ የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው ማለት ነው። ምንም ለውጥ ከሌለው ወደ ካንዴሌታዎቹ፣ ቀዝቃዛውን ሞተር ከመነሳቱ በፊት በኤሌክትሪክ ወደሚያሞቁት፣ እንሄዳለን።

ለዳገቱ ደግሞ፣ ጠዋት ሞተሩ በረዶ እንደሆነ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺና አስነሺ። ውኃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከተንቦቀቦቀ፣ ወይም ክዳኑን ገጥመሽ ካስነሳሽ በኋላ ገና በአንድ ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ጎማ ቱቦ ድንጋይ ከሆነ፣ ያኔ የመካኒኩን ነገር አስቢበት። የዘይት ክዳኑንም እዪው። ቡና በወተት የመሰለ ነገር ካለበት ውኃ ገብቷል።

በሞቀ ሞተር ክዳን እንዳትከፍቺ! አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ከዚያ በላይ ሞቆ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለያዘ ብቻ ነው። ስትከፍቺው በአንዴ ፈልቶ ፊትሽ ላይ ይመጣል። አንድ ረዳቴ በዚህ ተቃጥሏል፤ እስከ ዛሬ አንገቱ ላይ ይታያል።

የካዛንቺስ እህት

እህቴ፣ ታሪክሽ የኔን አስታወሰኝ። እኔና ወንድሜ የአጎታችንን መኪና ስንሠራ ልክ እንደዚህ ተባልን። ሞተሩ ወረደ፣ ተበተነ፣ ብዙ ብር ወጣ። ሲገጠም ሙቀቱ እንደነበረ ነው! ለካ ራዲያተሩ ውስጡ በዝገት ተደፍኖ ኖሯል። ሞተሩ ምንም አልነበረውም። ያን ብር አሁንም ሳስበው ያመኛል። እባክሽ ራዲያተሩን አስፈትሺ። ሌላው ይቆይ።

ራዲያተር ቤት

እውነቷን ነው። ሜዳ ላይ ደህና፣ ዳገት ላይ የምትሞቅ መኪና ስትመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ራዲያተር ነው። ሜዳ ላይ ግማሹ ቱቦ ቢደፈንም ይበቃታል። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጨነቅ ግን አይበቃትም።

ቤት ውስጥ የምትፈትሺበት መንገድ ይኸውልሽ። ሞተሩ ሲሞቅ አጥፊውና የራዲያተሩን ፊት ከላይ እስከ ታች በመዳፍሽ ዳሺው። ፋኑን ተጠንቀቂ። አንዱ ቦታ ሞቆ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ቀዝቃዛው ጋ ውኃ አያልፍም።

የዚህ ዘመን ራዲያተር ባብዛኛው መዳብና ነሐስ ነው፣ ከላይና ከታች በብየዳ የተያዘ። ያንቺም እንደዚያ ከሆነ አይጣልም። ብየዳው ይፈታል፣ ቱቦው አንድ በአንድ በቀጭን ዘንግ ይጠረጋል፣ ተመልሶ ይበየዳል። ላስቲክ ራስ ያለው ከሆነ ግን መቀየሩ ይሻላል። ከዚያ በኋላ የቧንቧ ውኃ ብቻ አትጨምሩ። ኩላንት እኩል በእኩል ከተጣራ ውኃ ጋር። ያዘገው ባዶ ውኃ ነው።

ክዳኑንም ቀይሩት። ስፕሪንጉ ከላላ ግፊት አይዝም፣ ጋሼ ያሉት 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል።

ሜክሲኮ

ለምን ትደክማላችሁ? ያገለገለ ሞተር ግዙና ግጠሙ። በሁለት ቀን ያልቃል።

የመለዋወጫ ልጅ

ወንድሜ፣ እንደሱ ቀላል አይደለም። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ሞተር ሲቀየር ሊብሬው ላይ መስተካከል አለበት፤ ያለዚያ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርብ ችግር ነው። ሻጩ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ካልሰጣችሁ እንዳትነኩት። ደግሞ ያገለገለው ሞተር ከነሱ የተሻለ ለመሆኑ ማን ዋስ ይሆናል? በ2016 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ ሞተር የያዘ ሰው እንደ ወርቅ ነው የሚጠራው።

እህቴ፣ ሶማሌ ተራ ስትመጪ አሮጌውን ዕቃ ይዘሽ ነይ። በስም ብቻ አትጠይቂ። ካንዴሌታ ከሆነ ደግሞ ቮልቱን አንብቢ፣ ገላው ላይ ተጽፏል። ለቶዮታ የሚመጣው ሁሉ አንድ አይደለም፤ ዝቅ ባለ ቮልት የሚሠራ አለ። እሱን ሰዎች ሲግል ለማየት ብለው በቀጥታ ባትሪ ላይ ይይዙታል፣ ደህናውን ዕቃ አቃጥለው ይሄዳሉ። ሦስት ሱቅ ሳትጠይቂ አትክፈዪ። «ኦርጅናል ነው» ካለሽ ካርቶኑን ሳይሆን ዕቃውን እዪ፤ ጥርሱ የሻከረ፣ ጽሑፉ የደበዘዘ ከሆነ ተዪው።

የቀበና ልጅ

ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት እንዳሉኝ አደረግሁ። ፖምፓውን እስኪጠነክር ጫንኩት። ምንም ለውጥ የለም፣ እንደ ድሮው ናት። በክፍት ክዳን ሳስነሳት አረፋ የለም። ዘይቱም ንጹሕ ነው። ውኃ በወር አንዴ ትንሽ እንጨምራለን። አባቴ ይህን ስነግረው ምንም አላለም፣ ሻዩን ጠጥቶ ሲጨርስ ግን «ብዬ ነበር» አለኝ።

ቴርሞስታቱን በተመለከተስ? እሱ ላይ ካነሳሁበት ይቆጣል።

ጋሽ ናፍጣ

ጥሩ ዜና ነው። አረፋ የለም፣ ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ ውኃው ብዙ አይጎድልም። ሞተሩን ማንም እንዳይነካው።

እንግዲህ ካንዴሌታ። አራት ናቸው። አናታቸው ላይ ሁሉንም የሚያያይዝ ስስ ብረት አለ፣ እሱን ፍቺ። ከዚያ የ12 ቮልት አምፖል ውሰጂ። አንዱን ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በየተራ የካንዴሌታው አናት ላይ አስነኪ። አምፖሉ ከበራ ካንዴሌታው አለ፣ ካልበራ ሞቷል። ይህ አያቃጥላቸውም። ሁሉም ከበሩ ኤሌክትሪክ የሚለቅላቸውን ሪሌ እናያለን። የሞተውን ስትፈቺ ግን ሞተሩ ሞቅ ብሎ ይሁን፣ ቀድመሽም ዘይት ጠብ አድርጊበት። በቀዝቃዛው በጉልበት ካጠመዘዝሽው ተሰብሮ ውስጥ ይቀራል። ያን ጊዜ እውነትም ቴስታታ ታወርጃለሽ።

ቴርሞስታቱን በተመለከተ፣ አባትሽ ብቻቸውን አይደሉም። በኛ ጊዜ ሁላችንም እያወጣን እንጥል ነበር። እኔም ጥያለሁ። በር ስለሚመስለን፣ ሲወጣ ውኃው እንደልብ ይሄዳል ብለን ነው። ነገር ግን ብዙ የቶዮታ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። ሲከፈት ወደ ራዲያተር ያሳልፋል፤ በዚያው ወደ ሞተር የሚመልሰውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ካወጣነው አቋራጩ ሁሌ ክፍት ነው። የሞቀው ውኃ ከፊሉ ራዲያተር ሳያይ ተመልሶ ይገባል። ጠዋት ቶሎ አይሞቅም፣ ዳገት ላይ ቶሎ አይበርድም።

እሳቸውን ስትነግሪ «ተሳስተሃል» አትበይ። ቴርሞስታቱን ገዝተሽ እጃቸው ላይ አድርጊና ከጀርባው ያለችው ክብ ብረት ለምን እንደሆነች ጠይቂያቸው። አርባ ዓመት የነዱ ሰው ናቸው፣ ራሳቸው ይደርሱበታል።

የካዛንቺስ እህት

ሌላ አንድ ነገር። ከሥር ስትገቢ በክሪክ ብቻ አትመኚ። እኛ ሁሌ ስኮርታ ጎማውን ሻንሲው ሥር እናስተኛለን፣ ክሪኩ ቢከዳም ጎማው ይይዛል። የኋላ ጎማዎቹንም በድንጋይ አስይዙ፣ ቀበና ሜዳ የሚባል ነገር የለም።

የቀበና ልጅ

ከሦስት እሁድ በኋላ ተመለስኩ።

ከአራቱ ካንዴሌታዎች ሁለቱ ሞተዋል። አምፖሉ አንደኛው ላይ በራ፣ ሁለተኛው ላይ ዝም፣ ሦስተኛው ላይ በራ፣ አራተኛው ላይ ዝም። አባቴ ከበርጩማው ተነስቶ አራተኛውን ራሱ ሊሞክር ፈለገ፤ እጁን ደግፌ ያዝኩለትና አብረን አስነካነው። አልበራም። አራቱንም ቀየርን። በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን አዙሬ እስከ አሥር ቆጠርኩ፣ አንዴ ብቻ ነው ያስጮህኳት። ጎረቤቶች ወጥተው አዩን።

ራዲያተሩ መዳብ ነው፤ ተፈትቶ ሲጠረግ የወጣው ቀይ አፈር ነው የሚመስለው። ከቱቦዎቹ ሲሶው ተደፍኖ ነበር። ቤታችን አጠገብ የምናውቀው ራዲያተር ሠሪ ከኮሪደር ልማቱ ጋር ስለተነሳ ሌላ ፈልገን አብነት አገኘን።

ቴርሞስታቱን እንዳሉኝ አደረግሁ ጋሼ። እያገላበጠ ብዙ አየው። መነጽሩን አስመጣ። ከዚያ በድስት ውኃ ጣድን፣ በክር አንጠልጥለን ከተትነው፤ ሲከፈት ከኋላ ያለችው ብረት አብራ ስትንቀሳቀስ አየ። «ለካ ይህንን ነው ስንጥል የኖርነው» አለ። ራሱ ግጠሚው አለኝ።

ትናንት ሽሮ ሜዳ ወጣን። መርፌው ከግማሽ አላለፈም። ጥቁር ጭስ ትንሽ ታወጣለች፣ ይህስ ያሳስባል?

ጋሽ ናፍጣ

ጎሽ! አባትሽን ሰላም በይልኝ።

ዳገት ላይ ትንሽ ጥቁር ጭስ ለዚህ ከፍታ የተለመደ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያንኑ ናፍጣ በትንሽ አየር ነው የሚያቃጥለው። የአየር ፊልትሮውን ቀይሩ። ከዚያም ከባሰ ኢኔቶሮቹን፣ ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጩትን፣ አስፈትሹ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የታይሚንግ ቺንጋው፣ ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር በአንድ ምት የሚያስኬደው ቀበቶ፣ መቼ ተቀየረ? በዚህ ሞተር በየ100,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብዙ ዓመት ከቆየ ኪሎ ሜትሩ ባይደርስም ይቀየራል። ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስቶን ይጋጫሉ። ያኔ የጋራዡ ሰው ትንቢት ይፈጸማል።

የቀበና ልጅ

አባቴ «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ቀይሬዋለሁ» አለ። ያ ከሆነ 14 ዓመት ሆኖታል!

ጋሽ ናፍጣ

እስኪቀየር ድረስ አትንዷት። ቺንጋውን፣ የሚወጥረውን ፑሌ፣ እግረ መንገድሽን የፊት ዘይት ማገጃዎቹን ግዢ። አሮጌውን ከማውጣትሽ በፊት ቺንጋው የሚያዞራቸው ጥርሶች ላይ ያሉትን ምልክቶች ሁሉ አግጥመሽ በነጭ ቀለም ንኪያቸው፣ ፎቶም አንሺ። አዲሱን ከገጠምሽ በኋላ በቁልፍ፣ በእጅሽ፣ ሞተሩን ሁለት ሙሉ ዙር አዙሪው። ከያዘሽ አትግፊ፣ አቁሚ። ምልክቶቹ ተመልሰው ከገጠሙ ብቻ አስነሺ።

የቀበና ልጅ

ዛሬ ጨረስን። እኔ አዞርኩ፣ እሱ የካቻቢቴውን እጀታ ጆሮው ላይ አድርጎ ጫፉን ሞተሩ ላይ አስደግፎ ሰማ። ሁለት ዙር። ምልክቶቹ ገጠሙ።