የማይሸጥን ጌም በኢንተርኔት ማዋስ ይፈቀድ? ማይክሮ ማሽንስን ይዘን እንከራከር

ባለካሴቱ፦ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ ገበያ ላይ የሉም አለ። ቤተ መጻሕፍት ለተመራማሪዎች በኢንተርኔት ያውሷቸው ሲባል ግን የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በ2024 እምቢ አለ። እኔ አልስማማም። ማይክሮ ማሽንስን እዩ፤ የ1991 ጌም፣ ከላይ እየታዩ ቁርስ ጠረጴዛ ላይ የሚሽቀዳደሙ ትንንሽ መኪኖች።

ሕግ ይከበር፦ ባለቤት አለው እኮ። የሠራውን ኩባንያ ኮድማስተርስን፣ ኢኤ የተባለው ትልቅ የጌም ኩባንያ በ2021 ገዝቶታል። ሄዶ ፈቃድ መጠየቅ ነው።

ባለካሴቱ፦ ማንን? ማይክሮ ማሽንስ የሚለው ስም መጀመሪያ የአሻንጉሊት መኪኖች ስም ነው። አሻንጉሊቱን ይሠራ የነበረውን ጋሉብን ደግሞ ሌላው የአሻንጉሊት ኩባንያ ሃስብሮ በ1998 ጠቀለለው። አንዱ ዝም ካለ ጌሙ ከነስሙ አይወጣም።

ቺፕ፦ በዚህ ላይ ኤንኢኤስ ለተባለው የኔንቲዶ ኮንሶል የተሠራው ካሴት ያለ ኔንቲዶ ፈቃድ የወጣ ነው። ኮንሶሉ ፈቃድ ያለውን ካሴት የሚለይበት የመቆለፊያ ቺፕ የለውም፤ የኮንሶሉን ቺፕ በቮልቴጅ አደንዝዞ ነው የሚያልፈው። በኋላ በተሠሩ አንዳንድ ኤንኢኤሶች ላይ ይህ አይሠራም፣ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም እያለ ይቀራል። መፍትሔው የኮንሶሉን መቆለፊያ ቺፕ 4ኛ እግር ከቦርዱ አንስቶ ከግራውንድ ጋር መበየድ ነው። ጌሙን ከካሴቱ ወደ ፋይል ለመገልበጥ የካሴቱን ጥርሶች በ99 በመቶ አልኮል ጥረጉ፣ ሁለቴ አንብቡ፣ የሁለቱን ቼክሰም (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ቁጥር) አመሳክሩ። ከተለያየ ጥርሱ በደንብ አልጸዳ ይሆናል። ፋይሉ ትክክል ሆኖም ኢሙሌተሩ (ኮንሶሉን ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለው ፕሮግራም) ሊያበላሸው ይችላል፦ ጌሙ ስክሪኑ እየተሣለ ሳለ የስፕራይት (የተንቀሳቃሽ ምስሎች) ሜሞሪውን ያነባል፣ ይህንን በትክክል የማያስመስል ኢሙሌተር ምስሉን ያዛባዋል።

ሕግ ይከበር፦ ታዲያ ቤተ መጻሕፍቱ ግቢው ውስጥ ያሳይ፤ እሱ አልተከለከለም። በኢንተርኔት ከለቀቅከው ለጨዋታ ነው የሚውለው።

ባለካሴቱ፦ ተመራማሪው ሌላ አገር ከሆነስ? በአውሮፕላን ይምጣ?

ቺፕ፦ እኔ በሌላ በኩል ነው የምጠራጠረው። ሜጋ ድራይቭ ለተባለው የሴጋ ኮንሶል የወጣው ማይክሮ ማሽንስ 2 ካሴቱ ላይ ሁለት የጆይስቲክ ሶኬት አለው። ከኮንሶሉ ሁለቱ ጋር አራት ይሆናል፣ በአንድ ጆይስቲክም ሁለት ሰው ይጫወታል። ያንን ሁሉ ፋይሉን ብቻ በማዋስ አትሰጥም። ፍጥነቱም አለ፦ ለአውሮፓ 50 ኸርዝ (ስክሪኑ በሴኮንድ 50 ጊዜ ለሚታደስበት ቴሌቪዥን) የተሠራ ጌም በ60 ሲሮጥ 20 በመቶ ይፈጥናል፣ ኩርባዎቹም ያልታሰበ ያህል ይከብዳሉ።

ሕግ ይከበር፦ ለአንድ ካሴት አንድ ተዋሽ፣ ሰዓቱም ተወስኖ ከሆነ አልቃወምም።

ቺፕ፦ የ50 ኸርዝ ቅጂ መሆኑ ፋይሉ ላይ ከተጻፈ እኔም።